የላሚኔት ወለል፤ ርካሹ የቱ ነው?

የቤት ቁልፍ የተረከበ ሰው የመጀመሪያ ራስ ምታቱ ወለል ነው። ብዙዎቹ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ለባለዕድለኞች የተላለፉት ወለላቸው በሊሾ ብቻ ተጠናቆ እንደመሆኑ መጠን፣ ባለቤቱ ሊገባበትም ሆነ ሊያከራየው ሲያስብ ወደ ፊኒሺንግ ዕቃ መደብሮች መሄዱ አይቀርም። እዚያ ሲደርስ ሴራሚኩ ይቀዘቅዛል፣ የእንጨቱ ፓርኬ ኪስ ይጎዳል፣ የፕላስቲክ ምንጣፉ ቶሎ ይቀደዳል ይባልና ምርጫው በላሚኔት ላይ ያርፋል። ሻጩ ከመደርደሪያው ሁለት ናሙና ያወጣል። አንዱ 8 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው 12 ሚሊ ሜትር ነው። «ወፍራሙ ይሻላል» ይላል። ገዢውም ገንዘቡ ከበቃው ወፍራሙን፣ ካልበቃው ደግሞ ርካሹን ይዞ ይወጣል። ሁለቱም አገዛዞች ትክክል አይደሉም።

ላሚኔት በአብዛኛው ከቻይና፣ ከቱርክና ከአውሮፓ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ ዋጋው የምንዛሪን መንገድ ይከተላል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ደግሞ ገዢው በአንድ ካርቶን ላይ የሚያመዛዝነው የብር ልዩነት ቀላል የሚባል አይደለም። ስለሆነም በዚህ ሳምንት የምንመለከተው ጥያቄ በአነስተኛ ገንዘብ ደህና ላሚኔት እንዴት ይመረጣል የሚለው ነው።

በቅድሚያ ርካሽ የሚለውን ቃል እናጥራው። ለስሌት እንዲመች ብቻ እንበልና አንዱ ላሚኔት በካሬ ሜትር 1,000 ብር፣ ሌላው 700 ብር ይሸጣል። የፎሙ፣ የዞኮሎው፣ የማጓጓዣውና የአንጣፊው ወጪ ለሁለቱም እኩል 400 ብር ነው። ባለ 1,000ው አሥር ዓመት ቢያገለግል ዓመታዊ ወጪው 140 ብር ይሆናል። ባለ 700ው በአራተኛው ዓመት ቢነሳ ግን በዓመት 275 ብር አስወጥቷል ማለት ነው። የአሮጌው ማንሻ፣ የዕቃ ማዘዋወሪያና ቤቱ ያለ ተከራይ የቆየበት ጊዜ ገና አልተቆጠረም። የሠራተኛውና የፎሙ ዋጋ ለመጥፎውም ለደህናውም ዕቃ አንድ ዓይነት መሆኑን ብዙ ገዢ ልብ አይለውም። አሥርና ሃያ ቤት ለኪራይ የሚያዘጋጅ ባለሀብት ግን ሊዘነጋው አይገባም።

ላሚኔት ምንድን ነው?

ላሚኔት ፓርኬ አይደለም። ፓርኬ ከላይ እስከ ታች እንጨት በመሆኑ ሲቧጠጥ በማሽን ተልጎ እንደገና ቫርኒሽ ሊቀባ ይችላል። ላሚኔት ግን አራት ንብርብር አለው። ከላይ በሜላሚን ሙጫ የተነከረና በውስጡ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ደቃቅ ቅንጣት ያለበት ግልጽ ሽፋን፣ ከሥሩ የእንጨት ፎቶግራፍ የታተመበት ወረቀት፣ መሐሉ ላይ በከፍተኛ ግፊት የተጠቀጠቀ የእንጨት ጭረት ማለትም ኤችዲኤፍ፣ ከታች ደግሞ ሰሌዳው እንዳይቆለመም የሚያደርግ ሚዛን ጠባቂ ሽፋን ይገኛሉ። የላይኛው ሽፋን አንዴ ካለቀ የሚታደስበት መንገድ የለም።

የስዊድኑ ፐርስቶርፕ ኩባንያ ይህን ሐሳብ ያፈለቀው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ለኩሽና ጠረጴዛ የሚያገለግለው እንደ ፎርማይካ ያለ ጠንካራ ሽፋን ለወለል ለምን አይሆንም ከሚል መነሻ የተገኘው ምርት ፐርጎ በሚለው ስም ዓለምን አዳረሰ። መጀመሪያ ሰሌዳዎቹ የሚያያዙት በሙጫ ነበር። የዛሬው ያለ ሙጫ ጠቅ ብሎ የሚገጥመው ወንዴና ሴቴ በ1990ዎቹ አጋማሽ የስዊድኑ ቬሊንገ እና የቤልጂጉ ዩኒሊን ኩባንያዎች ያመጡት ነው።

ለደላሎችና ቤት ለሚገዙ ሰዎች አንድ ነገር በዚሁ እናንሳ። «ቤቱ ፓርኬ ነው» የሚል ማስታወቂያ ሲነገር ወለሉን ጎንበስ ብሎ ማየት ይገባል። የአንዱ ሰሌዳ የእንጨት ዓይን በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ሰሌዳ ላይ ያለ አንዳች ልዩነት ከተደገመ የተነጠፈው ፎቶግራፍ ነው፤ ሁለት ዛፍ አንድ ዓይነት ዓይን አያበቅልም። በበር ደፍ አካባቢ የሚታየው የተቆረጠ ጠርዝ ቡናማ የታመቀ ዱቄት ከመሰለም እንዲሁ ነው። በፓርኬና በላሚኔት መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት በቤቱ ሽያጭ ድርድር ላይ ሊነሳ የሚገባው ነው።

ውፍረቱን ሳይሆን ምልክቱን

በካርቶኑ ጎን ላይ በላቲን ፊደል «ኤሲ» ተብሎ ከ1 እስከ 5፣ አንዳንዴም 6 የሚደርስ ቁጥር ይታተማል። ከአየር ማቀዝቀዣ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። የመፋተግ አቅም ደረጃ ሲሆን የተመሠረተው ኢኤን 13329 በተባለው የአውሮፓ ደረጃ ላይ ነው። በፍተሻው ወቅት በብርጭቆ ወረቀት የተጠቀለሉ ጎማዎች ናሙናው ላይ እየተሽከረከሩ የታተመው ሥዕል መላጥ እስኪጀምር ድረስ ይቆጠራል። ኤሲ 3 ወደ 2,000፣ ኤሲ 4 4,000፣ ኤሲ 5 6,000 ዙር መቻል ይጠበቅበታል።

ከዚሁ ጎን የሰው ወይም የቤት ሥዕል ያለበት ሌላ ሁለት አኃዝ ይታያል። በ2 የሚጀምረው ለመኖሪያ ቤት፣ በ3 የሚጀምረው ለንግድ ቤት ነው። 21 ሰው እምብዛም የማይመላለስበትን መኝታ ቤት፣ 23 ሳሎንና ኮሪደርን የሚያመለክት ሲሆን ኤሲ 3 ብዙውን ጊዜ ከ23 እና ከ31፣ ኤሲ 4 ከ32፣ ኤሲ 5 ከ33 ጋር ይጓዛል።

ታዲያ ለተራ ቤተሰብ የቱ ይበቃል? በእኛ አስተያየት ለመኝታ ቤት ኤሲ 3፣ ልጅ ለሚሮጥበትና እንግዳ ለሚበዛበት ሳሎን ወይም ለኪራይ ቤት ኤሲ 4 ነው። ኤሲ 5ን ለመኖሪያ ቤት መግዛት ሱቅና ቢሮ የሚከፍለውን ዋጋ ያለ ምክንያት መክፈል ነው። የሳሎኑን ከፍ፣ የመኝታ ቤቱን ዝቅ አድርጎ መግዛት ብዙ ሰው የማያስበው ቁጠባ ቢሆንም የሁለቱ ውፍረት እኩል መሆን አለበት፤ አለበለዚያ በደፉ ላይ እንቅፋት ይፈጠራል።

ውፍረት ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም። 12 ሚሊ ሜትሩ ሲረገጥ ድምፁ የታፈነ ነው፣ የወለሉን ጥቃቅን ጎድጓዳም ችሎ ያልፋል። ነገር ግን የላይኛው ሽፋን በውፍረቱ ልክ አይጨምርም። ምልክት የሌለው 12 ሚሊ ሜትር በሁለት ዓመት ሊላጥ ሲችል ኤሲ 4 የሆነው 8 ሚሊ ሜትር ምንም ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለምልክቱ ይዋል።

ምልክቱስ እውነት ነው? ካርቶን ላይ ቁጥር ማተም የሚከለክል ማተሚያ ቤት እንደሌለ ነጋዴው ያውቃል። አስመጪው የላቦራቶሪ የፍተሻ ሰነድ እንዲያሳይ መጠየቅ የመጀመሪያው ነው። ሰነድ ከሌለ ከሁለት መደብር የተገኙ ቁራጮችን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ በአንድ ዓይነት የብርጭቆ ወረቀት እኩል ጊዜ መፈተግ ይቻላል። ላቦራቶሪ ባይሆንም ቶሎ ነጭ የሚያወጣው የትኛው እንደሆነ ያሳያል።

ሚዛንና ባልዲ

መሐሉ ያለው ኤችዲኤፍ ደህና ከሆነ አንዱ ሜትር ኩብ ከ800 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ይህንን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ካርቶኑን ሚዛን ላይ ማውጣት በቂ ነው። የተለመደው ሰሌዳ 1,215 ሚሊ ሜትር በ195 ሚሊ ሜትር ሲሆን 8 ሰሌዳ ያለው ካርቶን 1.895 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር ቢሆን ክብደቱ በ850 ስሌት 13 ኪሎ ግራም ገደማ መምጣት አለበት። 10 ወይም 11 ኪሎ ከሆነ መሐሉ የላላ ነው። የላላ ወንዴና ሴቴ ሲገጥም ይሰበራል፤ ውሃ ሲያገኘውም እንደ ዳቦ ይነፋል።

ሁለተኛው መፈተኛ ባልዲ ነው። ከናሙናው ጣት የሚያህል ቁራጭ ቆርጦ ውፍረቱን በካሊፐር መለካት፣ 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ መዝፈቅና መልሶ መለካት ነው። ሁሉም ትንሽ ያብጣል። 8 ሚሊ ሜትር የነበረው 9 ተኩል ቢሆን የሚታገሡት፣ 11 ወይም 12 ቢሆን የሚጥሉት ነው። ናሙና ለመስጠት የሚሳሳ ነጋዴ ካለ ያው መልስ ነው።

ይህን ያህል ስለ ውሃ የምንጨነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። የእኛ ቤት አያያዝ ላሚኔት ከተፈለሰፈበት አገር ይለያል። ወለል ውሃ አፍስሶ በመጥረጊያ ማጠብ የለመደ ቤት ውስጥ ላሚኔት ዕድሜው አጭር ነው፤ በደንብ የተጨመቀ መወልወያ ብቻ ነው የሚፈልገው። ለበዓልና ለቡና የሚጎዘጎዘው እርጥብ ቄጠማም ሌሊቱን ካደረ ውሃው በመጋጠሚያው ይሰርጋል። ከሥሩ ምንጣፍ ወይም ላስቲክ ማንጠፍ፣ ቡናው እንዳለቀም ማንሳት ነው። የከሰል ምድጃ ደግሞ ትሪ ወይም የሸክላ ንጣፍ ሳይደረግበት ወለሉ ላይ መቀመጥ የለበትም። የወደቀ ፍም ያጠቆረው ሽፋን በምንም አይጸዳም። እነዚህን ሦስቱን ለተከራይ በውል ላይ የሚያጽፍ አከራይ አላየንም፤ ቢያጽፍ ግን አይከፋም።

ለኩሽናና ለመታጠቢያ ቤት ላሚኔት አንመክርም። እዚያ ሴራሚክ፣ ወይም በቅርብ ዓመታት የመጣውና ከድንጋይ ዱቄትና ከፕላስቲክ የሚሠራው ኤስፒሲ የተባለው ንጣፍ ይሻላል።

ሽታው

ሰሌዳው የተጣበቀበት ሙጫ ፎርማልዲሃይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ካርቶኑ ላይ «ኢ 1» የሚል ምልክት ካለ የጋዙ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ0.124 ሚሊ ግራም አይበልጥም ማለት ነው። ካርቶን ሲከፈት ዓይን የሚያስለቅስ ከሆነ ምልክቱ ምንም ይበል ምን ወደ ቤት አይግባ።

በዚህ ረገድ በአሜሪካ የደረሰው ለነጋዴውም ለባለ አክሲዮኑም ትምህርት ይሆናል። ላምበር ሊኩዊዴተርስ የተባለው ትልቅ የወለል ዕቃ ሻጭ ከቻይና ያስመጣው ላሚኔት የካሊፎርኒያን መመዘኛ ያሟላል የሚል ጽሑፍ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በማርች 1 ቀን 2015 የሲቢኤስ ቴሌቪዥን «ሲክስቲ ሚኒትስ» ፕሮግራም ናሙናዎቹን አስመርምሮ ከመመዘኛው በላይ መሆናቸውን ሲያጋልጥ የአክሲዮኑ ዋጋ በማግሥቱ ወደቀ። ኩባንያው በዚያው ዓመት በሜይ ወር የቻይናውን ላሚኔት መሸጥ አቆመ። በ2019 ለባለ አክሲዮኖች የሰጠው መረጃ የተሳሳተ ነበር ተብሎ ለቀረበበት ክስ 33 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ስሙን ለውጦ ቢቀጥልም በ2024 የኪሣራ ጥበቃ ጠየቀ። ለኪሣራው ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ፤ የላሚኔቱ ጣጣ ግን ከስሙ ሳይለይ ቆይቷል።

አስመጪዎች አንድ ቀን ከወዲሁ ይያዙ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው ደንብ ለእንጨት ነክ ዕቃዎች የተፈቀደውን መጠን ከኦገስት 6 ቀን 2026 ጀምሮ ወደ 0.062፣ ማለትም ወደ ግማሽ አውርዶታል። እንዲህ ያለ ደንብ በወጣ ቁጥር የቀድሞውን መመዘኛ ብቻ የሚያሟላ ክምችት ያለው ፋብሪካ ሌላ ገበያ መፈለጉ አይቀርም። ቅናሽ የቀረበለት አስመጪ የዕቃውን የምርት ዘመንና የፍተሻ ሰነድ ሳያይ ባይደሰት ይሻለዋል።

ዋጋ በካርቶን ወይስ በካሬ?

ብዙ መደብር ዋጋ የሚጠራው በካርቶን ነው። ወጥመዱም እዚህ ላይ ነው። 8 ሰሌዳ የያዘው ካርቶን 1.895 ካሬ ሜትር ሲሸፍን ወፍራሙና 6 ሰሌዳ ብቻ የያዘው 1.42 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። አሁንም ለስሌት ብቻ ሁለቱም 3,000 ብር ተባሉ እንበል። የመጀመሪያው በካሬ 1,583 ብር፣ ሁለተኛው ከ2,110 ብር በላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ካርቶኑ ስንት ካሬ ነው?» የሚለው ነው።

የሚገዛውን መጠን ለማስላት 4 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ ሳሎን እንውሰድ። 20 ካሬ ሜትር ነው። በቁርጥራጭ የሚባክነውን 8 በመቶ ስንጨምር 21.6 ካሬ ይሆናል። ለ1.895 ሲካፈል 11.4 ስለሚመጣ 12 ካርቶን ይገዛል። ዞኮሎው ዙሪያውን 18 ሜትር ሆኖ የ90 ሳንቲ ሜትር በር ሲቀነስ 17.1 ሜትር ነው፤ ባለ 2.4 ሜትሩ ዞኮሎ 8 ያስፈልጋል። ካርቶኖቹ ሁሉ አንድ የምርት ቁጥር ያላቸው መሆናቸው በመደብሩ ሳሉ ይረጋገጥ፤ በተለያየ ቀን የታተመ ወረቀት በፀሐይ ብርሃን ሲታይ ቀለሙ ይለያያል፣ ከተነጠፈ በኋላም መመለስ የለም።

መደብር ላለው ነጋዴ ደግሞ አንድ ቃል። ካርቶን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ማቆም ሰሌዳውን ያጎብጠዋል። ከሲሚንቶ ወለል ከፍ ባለ ርብራብ ላይ አጋድሞ መደርደር ነው። በክረምት እርጥበት የነፋ ካርቶን ከተመለሰ ትርፉ የሦስት ካርቶን ትርፍ ይበላል።

ሊሾው ካልተስተካከለ

ደህና ዕቃ ገዝቶ ወለሉ የተበላሸበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከሥር ነው። ባለ 2 ሜትር ስታጃ ሊሾው ላይ ተጋድሞ በሥሩ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ከታየ ጎድጓዳው መሞላት፣ ጉብታው መፈቅፈቅ አለበት። አንጣፊው «ፎሙ ይሸፍነዋል» ቢል አይሰማ። ወፍራምና ለስላሳ ፎም ሲረገጥ ስለሚሰምጥ መጋጠሚያውን ይሰብረዋል፤ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠንከር ያለ ፎም ይበቃል። ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ከታች ካለው ጎረቤት ጋር የሚያስማማውም ይኸው ፎም ነው።

እርጥበቱን ለማወቅ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ላስቲክ ሊሾው ላይ አንጥፎ ዳር ዳሩን በማሸጊያ ፕላስተር መለጠፍና 48 ሰዓት ማቆየት ነው። ሲገለጥ ላቦት ካለ ወይም ሊሾው ጠቁሮ ከታየ ገና አልደረቀም። አዲስ ሊሾ ለእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ በክረምት ደግሞ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። በምድር ቤት ከፎሙ በታች 0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላስቲክ ይንጠፍ፤ ከአጠቃላይ ወጪው አንጻር ዋጋው ኢምንት ነው።

ሌላው አዲስ አበባን የሚመለከት ነው። በጥር የደረቀ አየር ኤችዲኤፉ ይኮማተራል፣ በሐምሌና በነሐሴ ያብጣል። በበጋ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ የተነጠፈ ወለል በክረምት መሐሉ ላይ ይነሳል። ባለቤቱም ዕቃው መጥፎ ነው ብሎ መደብሩ ደጃፍ ላይ ይቆማል። በአራቱም ግድግዳ በኩል 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተትቶ በዞኮሎ መሸፈን አለበት፤ ዞኮሎውም የሚመታው ግድግዳው ላይ እንጂ ወለሉ ላይ አይደለም። ካርቶኖቹም ሳይከፈቱ በሚነጠፉበት ክፍል ውስጥ 48 ሰዓት ተጋድመው ይደሩ። ሠራተኛ በቀን ሂሳብ የሚቀጥር ሰው ይህን መጠበቅ ሊከብደው ይችላል። ዕቃውን ከሁለት ቀን በፊት አስገብቶ ሠራተኛውን ቆይቶ መጥራት ነው።

ሥራው ሲያልቅ የተረፈው ካርቶን ወደ መደብር አይመለስ። ፋብሪካዎች ቀለሙንም የወንዴና ሴቴውንም ቅርጽ ቶሎ ቶሎ ይለውጣሉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ሰሌዳ ቢበላሽ የሚገጥመው ሌላ ቦታ አይገኝም። ከአልጋ ሥር አጋድሞ ማስቀመጥና ደረሰኙን፣ የካርቶኑንም የጎን ጽሑፍ ቆርጦ አብሮ ማኖር ነው። ኪራይ ቤት ሲሆን ደግሞ ያቺን ካርቶን ለተከራዩ በዕቃ ማስረከቢያ ቅጽ ላይ አስፈርሞ ማስረከብ ያስፈልጋል።